የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የአምስተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትና መሪዎች

ስለ አምስተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ማለትም ከመስከረም 2008 እስከ መስከረም 2014 ዓ.ም. ድረስ በሥራ ላይ ስለ ቆየው ምክር ቤት፣ ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም በአንድነት እናስተናግዳለን። ደብዳቤዎቹን ሐሳባቸው ሳይነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ስለ አምስተኛው ምክር ቤት ሳስተምር አንዳንድ ጽሑፍ የመቀመጫውን ቁጥር 546፣ ሌላው ደግሞ 547 ይለዋል። ተማሪዎቼም «በእርግጥ አንድም የተቃዋሚ አባል አልነበረም?» እያሉ ይጠይቁኛል። ትክክለኛውን መልስ ብትሰጡን ለክፍሌ ይጠቅመኛል። (አንባቢ ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች መነሻ አላቸው። የአገሪቱ የምርጫ ክልሎች 547 ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የአባላቱ ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. የተካሄደው አምስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ውጤት በሰኔ ወር ይፋ ሲሆን የተገለጸው የ546 መቀመጫ ውጤት ነበር። ከዚህም ውስጥ 500ውን ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ፣ ቀሪውን 46 ደግሞ «አጋር» ይባሉ የነበሩት የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላ፣ የሐረሪና የአርጎባ ድርጅቶች አሸነፉ። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ አባል፣ አንድም የግል ተመራጭ በምክር ቤቱ አልነበረም።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት የመቀመጫውን ድልድል በጥቁር ሰሌዳው ላይ ቢጽፉላቸው ይረዳቸዋል። ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ የደቡብ ብሔሮች ብሔረሰቦችና ሕዝቦች 123፣ ትግራይ 38፣ አዲስ አበባና ሶማሌ እያንዳንዳቸው 23፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ 9፣ አፋር 8፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪና ድሬዳዋ እያንዳንዳቸው 2 መቀመጫ ነበራቸው። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ስለሚያልፍ፣ ለተሸነፉት ዕጩዎች የተሰጠው ድምፅ ብዛት ወደ መቀመጫ አይለወጥም። የምርጫ ሥርዓቱ አንድ ምክንያት ሲሆን፣ ተቃዋሚዎች በወቅቱ አጥብቀው ያነሡት የምርጫ ምኅዳሩ መጥበብ ደግሞ ሌላው ነው፤ አንዱን ብቻ ማስተማር ለተማሪዎቹ ግማሽ እውነት መስጠት ይሆናል።

ንጽጽር ከፈለጉ በ1997ቱ ምርጫ ኢሕአዴግ 327፣ ተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ ማግኘታቸው፣ ከቅንጅት ተመራጮች መካከል ወደ ምክር ቤቱ ያልገቡ ቢኖሩም፣ ብዙ ይናገራል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2002ቱ ምርጫ፣ ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ውጭ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም አቶ ግርማ ሰይፉ ከተቃዋሚው መድረክና ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ በግል ነበሩ። በ2007 እነዚህም ቀሩ። በአንጻሩ የሴቶች ቁጥር ያደገው በዚሁ ምርጫ ነው፤ 212 ሴቶች ገብተው ከመቀመጫው 38.8 በመቶ ያዙ። ይህ ከብዙ አገሮች የሚበልጥ ድርሻ ስለሆነ ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ነገር ግን የፆታው ስብጥር ሰፋ ማለት የአመለካከቱ ስብጥር ሰፋ ማለት እንዳልነበረ አብሮ ይነገር።

ጥያቄ፦ በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ ሦስት አፈ ጉባኤዎች ተፈራርቀዋል። አፈ ጉባኤን የሚሾመውና የሚያወርደው ማን ነው? ሥልጣኑ ይህን ያህል በቀላሉ የሚለዋወጥ ከሆነ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ምን ያህል ነጻ ናቸው? (አንባቢ ከአዳማ)

መልስ፦ በሕጉ መሠረት አፈ ጉባኤውንና ምክትሉን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ፕሬዚዳንቱም አፈ ጉባኤ የመሾም ሥልጣን የላቸውም። በተግባር ግን ዕጩውን የሚያቀርበው አብላጫ መቀመጫ የያዘው ፓርቲ ስለሆነ፣ ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት ውሳኔው አስቀድሞ በፓርቲ ስብሰባ ያልቃል፤ በአዳራሹ የሚታየው እጅ ማውጣቱ ብቻ ነው።

የአምስተኛውን ዘመን ሦስት አፈ ጉባኤዎች አወራረድና አወጣጥ ብናይ ይህን በግልጽ እንረዳለን። አቶ አባዱላ ገመዳ ምክር ቤቱን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ይመሩ ስለ ነበር በመስከረም 2008 ሲመረጡ ሁለተኛ ዘመናቸው ነበር። ከዚያ በፊት የመከላከያ ሚኒስትርና የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ምክር ቤቱ የ2010 ዓ.ም. ሥራውን ሊጀምር በዋዜማው፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ኃላፊነታቸውን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ ምክንያታቸውም የወጡበት ሕዝብና ድርጅት ክብር መነካቱ እንደሆነ ገለጹ። የአንድ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ከሥራ ለመልቀቅ የወጡበትን ሕዝብ ጉዳይ በምክንያትነት ሲያቀርብ መስማት በዚያ ምክር ቤት ታሪክ እንግዳ ነገር ነበር። በኋላ ጥያቄያቸውን ትተው በሥራቸው ቀጠሉ፤ ወንበሩን የለቀቁት ግን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በአቶ አባዱላ ቦታ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ተተኩ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን በአፈ ጉባኤነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ነገር አለና እናርመው፤ ሌላውን ምክር ቤት፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትን፣ ገና ከምሥረታው ጀምሮ ለዓመታት የመሩት ወይዘሮ አልማዝ መኮ ስለ ነበሩ በአጠቃላይ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ሙፈሪያት አይደሉም። በዚያው ወር ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው አቶ ያለው አባተን ስለ ተኩ ለጥቂት ወራት ሁለቱም ምክር ቤቶች በሴቶች ይመሩ ነበር። ይህ ግን ከአንድ የዝናብ ወቅት ብዙም አላለፈም፤ ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲሱ ካቢኔ ሲዋቀር ወይዘሮ ሙፈሪያት የሰላም ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ጥቅምት አቶ ታገሰ ጫፎ አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡና እስከ ዘመኑ ፍጻሜ መሩ። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ ምክትል አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ሽታዬ ምናለ በቦታቸው ነበሩ።

ስለ ነጻነቱ የጠየቁት የጥያቄዎ ዋና ነጥብ ይመስለናል። አስፈጻሚውን እንዲቆጣጠር በሕገ መንግሥቱ የታዘዘ ምክር ቤት መሪ ወደ አስፈጻሚው ወንበር በአንድ ሳምንት ውስጥ መሻገሩን ሕጉ አይከለክልም፤ አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮችን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ከሌሎች ሰዎች መካከል እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በእኛ አመለካከት ግን አፈ ጉባኤነት ወደ ሚኒስትርነት መሸጋገሪያ ደረጃ ተደርጎ በታየ ቁጥር ወንበሩ ክብደቱን ያጣል። ይህን የምንለው በግለሰቦቹ ብቃት ላይ ጥያቄ ለማንሣት አይደለም። ዛሬ ሚኒስትሩን በጥያቄ እንዲያፋጥጡት አባላቱን የሚጋብዘው አፈ ጉባኤ ነገ ከዚያው ሚኒስትር ጋር አብሮ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ጥያቄው እስከ መጨረሻው እንዲዘልቅ የመፍቀድ ግፊቱ ይቀንሳል ብለን ስለምናምን ነው።

ጥያቄ፦ በ2010 ዓ.ም. የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሊቀመንበር የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ ሆነው ሳለ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ዐቢይ ናቸው። ምክንያቱ የፓርቲ ውስጥ ስምምነት ብቻ ነው ወይስ ሕግም አለበት? (አንባቢ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሕግ አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንዲመረጥ ያዝዛል። አቶ ለማ የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል አልነበሩም፤ ዶክተር ዐቢይ ግን ነበሩ። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጠቅላይ ሚኒስትርነትና ከግንባሩ ሊቀመንበርነት ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ባስታወቁ በሳምንቱ፣ የካቲት 15 ቀን፣ ድርጅቱ ሁለቱን ሰዎች አቀያይሮ ዶክተር ዐቢይን ሊቀመንበር፣ አቶ ለማን ምክትል አደረገ። በመጋቢት ወር የግንባሩ ምክር ቤት ዶክተር ዐቢይን ሊቀመንበር አድርጎ መረጣቸው፤ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

በግንቦት 2007 በአንድ የምርጫ ክልል የተቆጠረው የድምፅ ወረቀት ከሦስት ዓመት በኋላ አገሪቱን ማን ሊመራ እንደሚችልና እንደማይችል ወስኗል ማለት ነው። ስለ መሪዎች ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ያልፈዋል፤ የአባላቱን ዝርዝር ያነበበ ግን አያልፈውም። ለፕሬዚዳንትነት ደግሞ ደንቡ የተለየ ነው፤ የምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተመረጠ መቀመጫውን መልቀቅ አለበት፤ ለሚኒስትርነት እንዳየነው አባልነት አያስገድድም፣ አይከለክልምም።

ጥያቄ፦ የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የጸደቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የድጋፍ ድምፁ መጀመሪያ 346 ተባለ፣ ቆይቶ 395 ተባለ። አዋጁ በሕጉ መሠረት ጸድቆ ነበር ወይስ አልጸደቀም? ይህን ጥያቄ ያነሣሁበት ቦታ ሁሉ ክርክር እንጂ መልስ አላገኘሁም። (አንባቢ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ክርክሩ የማይበርደው መሠረት ስላለው ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እንየው። አዋጁን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው አቶ ኃይለማርያም የመልቀቂያ ጥያቄ ባቀረቡ በማግስቱ፣ የካቲት 9 ቀን ነው። አንቀጽ 93 እንደዚህ ያለ አዋጅ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በሥራ ላይ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልተደገፈ ወዲያው እንደሚሻር ይደነግጋል። አባላቱ ለዚሁ በዓድዋ ድል ቀን ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። በዕለቱ ከመድረኩ የተነገረው ውጤት 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተዓቅቦ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በዚያን ጊዜ ስምንት መቀመጫዎች ባዶ ስለ ነበሩ አባላቱ 539 ነበሩ። የ539 ሁለት ሦስተኛ ማለት ቢያንስ 360 ሰው ነው፤ ከሙሉው 547 ቢታሰብ ደግሞ 365 ይሆናል። 346 ሁለቱንም አይሞላም። የተነገሩትን ሦስት ቁጥሮች ብንደምር 441 ይመጣል፤ ሁለት ሦስተኛው የሚቆጠረው ድምፅ ከሰጡት ብቻ ነው ከተባለ ግን 294 በቂ ስለሆነ 346 ከበቂ በላይ ነው። ቆይቶ የተሰጠው ማረሚያ የድጋፉን ቁጥር ወደ 395 ከፍ አድርጎ ተቃውሞውንና ድምፀ ተዓቅቦውን እንደ ነበሩ ተዋቸው፤ ድምሩም 490 ሆነ። በዚህ ቁጥር አዋጁ በየትኛውም ስሌት ያልፋል።

የሕጉን ነገር ስንመለከት፣ አንቀጽ 59 ስለ ተራ ውሳኔዎች ሲናገር በስብሰባው ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት አባላት የሚገኘውን አብላጫ ይጠቅሳል፤ አንቀጽ 93 ግን የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይላል። የሁለቱን አነጋገር ልዩነት የሚመለከት ሰው የኋለኛው ከመላው አባላት የሚቆጠር ነው ቢል ምክንያታዊ ነው፤ እኛም በዚሁ እንስማማለን፤ የዜጎችን መብት ለወራት የሚገድብ ውሳኔ ከፍ ያለ ድጋፍ እንዲያገኝ መፈለግ የአንቀጹ መንፈስ ነውና። ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፦ ትክክለኛው ቁጥር 395 ከነበረ አዋጁ በሕጉ ጸድቋል፤ 346 ከነበረ ግን አልጸደቀም። የትኛው ትክክል እንደ ነበረ ማንኛውም ዜጋ በራሱ ሊያረጋግጥ የሚችልበት መንገድ አለመኖሩ ነው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን።

በምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ቁጥሩ ይነገራል እንጂ እገሌ ደገፈ፣ እገሊት ተቃወመች የሚል ዝርዝር አይወጣም። የአባላቱ ስም ከነሰጡት ድምፅ በዚያው ቀን ታትሞ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሰዓት ቆጠራ ክርክሩን ይዘጋው ነበር። ከዚህም በላይ የሚያስቆጭ ነገር አለ። 88ቱ ተቃዋሚ ድምፆች ሁሉም የመጡት ከአንድ ግንባርና ከአጋሮቹ ነው፤ ብዙዎቹም ከኦሮሚያ የተመረጡ አባላት እንደ ነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። ሙሉ በሙሉ በአንድ ወገን በተያዘ ምክር ቤት፣ የፓርቲ ዲሲፕሊን በጠነከረበት ዘመን፣ እጁን ለተቃውሞ ያነሣ ሰው ያደረገውን የመረጠው ሕዝብ በስም ሊያውቅለት ይገባ ነበር። የደገፈውም እንዲሁ በስሙ ይጠየቅ። አንቀጽ 54 አባላቱ ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ኅሊናውን ተከትሎ የወሰነው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ድንጋጌው በተግባር የሚለካበት ነገር አይኖረውም።

ጥያቄ፦ የካቲት ላይ አዋጁን ያጸደቁ አባላት ግንቦት ላይ ሻሩት። በኢሕአዴግ ስም የተመረጡ አባላት ኢሕአዴግ ፈርሶ በብልጽግና ስም ቀጠሉ። እኔ የመረጥኩት ሰው የመረጥኩትን ፓርቲ ትቶ መቀመጫውን ይዞ እንዴት ይቀጥላል? (አንባቢ ከጅማ)

መልስ፦ የመጀመሪያውን ነጥብ በተመለከተ የጻፉት ትክክል ነው። ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. አነሣ፤ ከአንድ ወር በኋላ፣ ሰኔ 28 ቀን፣ ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከአሸባሪነት መዝገብ ሰረዘ። በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ የነበሩትን ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ የሾመውም ይኸው ምክር ቤት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011፣ የምርጫ አዋጁ 1162/2011፣ የፀረ ሽብር ሕጉን የተካው አዋጅ 1176/2012 በእነዚሁ እጆች ወጡ። እነዚህ ከባድና ጠቃሚ ሕጎች ናቸው፤ መውጣታቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን አባላቱ ሳይለወጡ ውሳኔው ይህን ያህል መለወጡ፣ ለውጡ የመነጨው ከአዳራሹ ሳይሆን ከፓርቲው ማዕከል እንደ ነበረ ያሳያል።

ሁለተኛው ነጥብዎ ሕጋዊ መልስ አለው፤ መልሱ ደስ ላያሰኝዎት ቢችልም። ሕገ መንግሥቱ መቀመጫውን የሚሰጠው ለተመረጠው ሰው ነው፤ አባሉ የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይላል እንጂ የፓርቲው ተወካይ አይለውም። ስለዚህ በኅዳር 2012 ሦስቱ የኢሕአዴግ ድርጅቶች ከአጋሮቹ ጋር ተዋሕደው ብልጽግና ፓርቲን ሲመሠርቱ፣ ሕወሓት ደግሞ ሳይገባ ሲቀር፣ የማንም አባል መቀመጫ በዚህ ምክንያት ብቻ አልወደቀም። ያስተዋሉት ቅራኔ ግን እውነተኛ ነው። መራጩ ድምፅ ሲሰጥ በዋናነት የሚያየው የፓርቲውን ምልክትና መርሐ ግብር ነው፤ በአዳራሹ የነበረው አብላጫ በአንድ ስም ተመርጦ በሌላ ስም ሲያስተዳድር፣ በሕግ ትክክል የሆነው ነገር ሁሉ በመራጩ ዘንድ ቅቡልነት ያገኛል ማለት አይቻልም። መፍትሔው በቶሎ ወደ ምርጫ መሄድ ነበር፤ ይህም ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያመጣናል።

ጥያቄ፦ ሕገ መንግሥቱ የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው እያለ ምክር ቤቱ ስድስት ዓመት ቆየ። ማን ፈቀደለት? የፌዴሬሽን ምክር ቤት በዚህ ውስጥ ምን ሚና ነበረው? (አንባቢ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አንቀጽ 58 የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት እንደሆነና ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት ምርጫው ተካሂዶ መጠናቀቅ እንዳለበት ይናገራል። በዚህ ስሌት አምስተኛው ምክር ቤት በመስከረም 2013 መጨረሻ ሳምንት ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን ምርጫ ቦርድ በመጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ነሐሴ ላይ ታስቦ የነበረውን ምርጫ በጊዜ ሰሌዳው ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። መንግሥት አራት አማራጮችን አቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ወይም የሕገ መንግሥት ትርጉም መጠየቅ። ሚያዝያ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻውን መረጠ።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይህ ምክር ቤት ሕግ አያወጣም፤ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚሰበሰቡበት ሲሆን ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን አለው። ሙያዊ ምክሩን የሚሰጠው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ሰብሳቢዋም በወቅቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ጉባኤው የሕግ ምሁራንን በአደባባይ ሰማ፤ ክርክሩም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ከዚያ ዘመን ታሪክ ሁሉ ለወደፊቱ ሊደገም የሚገባው አሠራር ይህ ነው ብንል አላጋነንም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጾች ላይ ተቃራኒ አቋም ያላቸው ባለሙያዎች ተራ በተራ ቀርበው ሲከራከሩ ሕዝቡ በቀጥታ አይቷል።

ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ የፌዴራሉና የክልል ምክር ቤቶች በሥራቸው እንዲቀጥሉ፣ ምርጫውም ወረርሽኙ የጤና ሥጋት አለመሆኑ በሚመለከታቸው አካላት ከተረጋገጠ በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ እንዲካሄድ ወሰነ። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ውሳኔው ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥልጣናቸውን በመልቀቃቸው በቦታቸው አቶ አደም ፋራህ ተመርጠዋል። የውሳኔው ተቃዋሚዎች ያነሡት ዋና ነጥብ፣ የሥራ ዘመንን በትርጉም ማራዘም አይቻልም የሚል ነበር፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ግልጽ ድንጋጌ ስለሌለው ክፍተቱ በትርጉም መሞላት አለበት አሉ። በእኛ እምነት የደጋፊዎቹ ክርክር የሕግ መሠረት ነበረው፤ ድክመቱ ግን የወሰነው አካል አባላት በውሳኔው የራሳቸውንም ዘመን ማራዘማቸው ነው። በራስ ጉዳይ ዳኛ መሆን በየትኛውም ችሎት አይፈቀድም፤ እዚህ ግን ሌላ ወሳኝ አካል በሕገ መንግሥቱ አልተዘጋጀም ነበር።

ውጤቱ ከባድ ነበር። ሕወሓት ውሳኔውን አልተቀበለም፤ በትግራይ በጳጉሜን 2012 ለብቻው ምርጫ ተካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ምርጫውን ተፈጻሚነት የሌለው ነው አለ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ39 ሰዎችን ያለመከሰስ መብት አነሣ። ስለ ሥራ ዘመንና ስለ ድምፅ ቁጥር የሚደረግ ክርክር የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው አንባቢዎች ካሉ ይህን ዓመት እንዲያስታውሱ እንለምናለን። ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተካሄደ፤ አዲሱ ምክር ቤትም መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲከፈት የአምስተኛው ዘመን አበቃ።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ሁለት ፕሬዚዳንቶችም ነበሩ። የእነርሱ መለዋወጥ ከምክር ቤቱ ዘመን ጋር ለምን አልገጠመም? (አንባቢ ከጎንደር)

መልስ፦ የፕሬዚዳንቱ ዘመን ስድስት ዓመት፣ የምክር ቤቱ አምስት ስለሆነ ነው። ዶክተር ሙላቱ ተሾመ በመስከረም 2006 በአራተኛው ምክር ቤት ጊዜ ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ያህል ሲቀራቸው ለቀቁ። ሁለቱ ምክር ቤቶች ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በጋራ ተሰብስበው ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴን መረጡ። ለምርጫው የጋራ ስብሰባው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስለ አፈ ጉባኤዎችና ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን በዚያ ዘመን የእኔን የምርጫ ክልል የወከለው ሰው ምን እንደ ሠራ አንድም ቀን አልሰማሁም። አንድ ተራ መራጭ ምን ማድረግ ይችላል? ማውረድስ ይቻላል? (አንባቢ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ማውረድን በተመለከተ አንቀጽ 54 የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ከአባልነት እንደሚወገድ ይናገራል። መብቱ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ አመኔታ የሚነሳው የተወካዩን ሥራ ሲያውቅ ነው፤ የድምፅ አሰጣጡ በስም ካልተመዘገበ መራጩ በምን ማስረጃ ይጠይቃል? ከላይ ለባሕር ዳሩ አንባቢ የሰጠነው መልስ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው።

እስከዚያው ድረስ ያሉትን በሮች ይጠቀሙ። ምክር ቤቱ በዓመቱ የሥራ ጊዜ መካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለው፤ አባላቱ በዕረፍታቸው ወደ ምርጫ ክልላቸው ሄደው ከመራጩ ጋር ይወያያሉ። ስለ መብራትና ስለ መንገድ ብቻ አይጠይቋቸው፤ በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንዳሉ፣ በዓመቱ በቀረቡት ረቂቅ አዋጆች ላይ ምን እንደ ተናገሩና እንዴት ድምፅ እንደ ሰጡ፣ የተቃወሙት ነገር ካለም ምክንያታቸውን ይጠይቋቸው። አባሉ በምክር ቤቱ ስለ ሰጠው ድምፅና አስተያየት በሕግ እንደማይከሰስ ሕገ መንግሥቱ ስለሚያረጋግጥለት መልስ ለመስጠት የሚያስፈራው ሕጋዊ ምክንያት የለም። የምክር ቤቱ ስብሰባም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት በግልጽ የሚካሄድ ነው፤ በዝግ እንዲሆን የሚደረገው አባላቱ ወይም የፌዴራሉ አስፈጻሚ አካል ጠይቆ ከምክር ቤቱ አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲደግፉት ብቻ ነው።